ሦስት ጓጉንቸርና አንድ ኮሚቴ

እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከካርቶን ላይ ነው። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ወረድ ብሎ ምስማር፣ ማጠፊያ፣ ጓጉንቸርና የቧንቧ ዕቃ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ፤ ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ከገባ እኔ መውጣት አለብኝ። ዕቃው የሚመጣበትን ካርቶን እያገላበጥኩ የቱ ወደ ላይ እንደሚቆም፣ የቱ እንደሚሰበር፣ የቱ ዝናብ እንደማይወድ ለየሁ። ከቃሉ አጠገብ ሥዕል ካለ አያቅተኝም። ብርጭቆ ካለበት ቀስ ብለህ አውርድ፤ ጃንጥላ ካለበት ውጭ አታሳድር። ከዚህ በላይ እንግሊዝኛ ለነጋዴ ትርፍ ነው።

ጉድ የሚሠራኝ ሥዕል የሌለው ቃል ነው። ከእነዚያ መሀል ደግሞ እንደ «ኮሚቴ» ያሳቀቀኝ የለም። ሥዕል ቢኖረው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። የተሰነጠቀው ብርጭቆ ሳይሆን አይቀርም።

ቃሉ የእንግሊዞች ነው ይባላል፤ መጀመሪያ የፈረንሳዮች ነበር የሚሉም አሉ። ከየትም ይምጣ፣ ኮልፌ ሲደርስ ጠባዩን ቀይሯል። እኛ ሰፈር ሁለት ሰው ከቆመ ወሬ ነው፤ ሦስት ሰው ከቆመ ኮሚቴ ነው። የሠርግ ኮሚቴ አለ፣ የቦይ ጠረጋ ኮሚቴ አለ፣ የጥበቃ ኮሚቴ አለ፣ ዘበኛው እንዳይተኛ የሚጠብቅ ኮሚቴም ነበረ፤ እሱ ተኝቶ ቀረ። አንድ ጉዳይ መላ ሲጠፋለት ኮሚቴ ይቋቋምለታል። ጉዳዩ ባይፈታም አሳዳጊ አግኝቷል ተብሎ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል።

አንድ ሰውም ብቻውን ኮሚቴ ይሆናል። «እሷ ኮሚቴ ናት»፣ «ኮሚቴው መጣ፣ በር ክፈቱለት» ይባላል። ይህን ነገር ቲቸር መኮንን አይወዱትም። ቲቸር መኮንን የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ስንት ዘመን እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ እርማቱ ግን ጡረታ አልወጣም። አንድ ቀን ማጠፊያ ሊገዙ መጥተው፣ በወሬ መሀል «እኔ እኮ የንብረት ኮሚቴ ነኝ» አልኳቸው።

«ኮሚቴ ነኝ አይባልም» አሉኝ። «የኮሚቴ አባል ነኝ ነው የሚባለው። በእንግሊዝኛው ኮሚቴ ማለት አንድ ሥራ እንዲሠሩ ከብዙ ሰው መሀል የተመረጡ ሰዎች ስብስብ ነው። አንድ ሰው ስብስብ አይሆንም።»

«ቲቸር፣ ሥራው ሲመጣ እኮ የምገኘው እኔ ብቻ ነኝ።»

ማጠፊያቸውን ይዘው ሄዱ።

እንዴት ኮሚቴ እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ እሑድ ተሰብስቧል፤ ጉዳዩ ድንኳን ነው። የቀድሞው ዕቃ ጠባቂ የእድሩን ድንኳን ለዘመዱ ሠርግ አውሶት ኖሮ፣ ወጥ ፈስሶበት፣ አንድ ጎኑ ተቀዶ፣ አንድ ተረከዙ የተነቀለ የሴት ጫማ በውስጡ ተጠቅልሎ ተመለሰ። ሰው ተቆጣ። «ለቅሶ ተቀምጠን ጭፈራ ጭፈራ ሊሸተን ነው» አሉ አንዲት እናት። በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ፤ ደንበኛ ነበር፤ ወጣ ብዬ አነጋገርኩት። ስመለስ ሰው ያጨበጭባል። የምን ጭብጨባ እንደሆነ ባላውቅም አዳራሽ ውስጥ ብቻውን እጁን አጣጥፎ የሚቆም ሰው ክፉ ይመስላልና እኔም አጨበጨብኩ።

«ማን ነው የተመረጠው?» አልኩት አጠገቤ የተቀመጠውን ደረጀን። ደረጀ ጎረቤቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው።

«አንተ» አለኝ።

«እኔ እኮ አልነበርኩም።»

«ለዚያ ነዋ።»

ከእኔ ጋር ሁለት ሰዎች ተመርጠዋል። አንዷ እትዬ ስንዱ ናቸው፤ በርበሬና ቅመም ነጋዴ። ሌላው ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን ቤት የዋሉ። ቲቸር መኮንን ተነሡና ሥርዓቱን አስረዱ። የዕቃ ቤቱ የብረት በር ላይ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፤ ለሦስታችን አንድ አንድ ቁልፍ ይሰጠናል። አንዱ ያለ ሁለቱ፣ ሁለቱ ያለ ሦስተኛው መክፈት አይችሉም። ጉባኤው በጣም ተደሰተ። ሰው አለመተማመኑን በደንብ መልክ ሲያስቀምጡለት ደስ ይለዋል።

«ጓጉንቸሩን ከየት እናገኛለን?» አለ አንዱ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ጥሩዎቹ፣ ሲያነሷቸው እጅ የሚከብዱት፣ አልቀውብኝ ነበር። የቀረኝ አንድ ካርቶን ነው፤ ላዩ የሚያብለጨልጭ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ዓይነት። ሰኞ በጥሩዎቹ እለውጣቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁና ሦስት አውጥቼ ሰጠሁ። ለጉባኤው ግን «እነዚህን መጋዝ አይበጥሳቸውም» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ነጋዴ ዕቃ ሲያስረክብ አፉ ለብቻው ይሠራል።

ሰኞ መጣች፣ ሄደች። ከእሷ በኋላም ብዙ ሰኞዎች መጡ።

ከጥቂት ወር በኋላ አንድ ደንበኛ ከዚያው ካርቶን የገዛቸውን ሁለት ጓጉንቸሮች ይዞ ተመለሰ። ቁልፎቹ ተቀላቅለውበት የቱ የቱን እንደሚከፍት መለየት አቅቶታል። ሞከርኩለት። ሁለቱም ሁለቱን ይከፍታሉ። ሰውዬው «እንዲያውም ተገላገልኩ» ብሎ ደስ ብሎት ሄደ፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩና አንዷን ቁልፍ በሁሉም ላይ ሞከርኳት። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ኪሴ ውስጥ ያለችው የእድር ቁልፍ የዕቃ ቤቱን ሦስት ጓጉንቸር ሦስቱንም ትከፍታለች ማለት ነው።

ያን ጊዜ ሄጄ መናገር ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? መጋዝ አይበጥሰውም ያልኩትን በሰው ቁልፍ ይከፈታል ልበል? ደግሞስ ያለፉትን ወራት ዕቃ ቤቱን ብቻዬን ስከፍት እንዳልኖርኩ ማን ያምነኛል? ዝም አልኩ። ዝምታ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ ካደረ ለመስበር መዶሻ ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ቀን እንምጣ። ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። ማለዳ የእድሩ ለፋፊ ጥሩንባውን እየነፋ እማማ ተዋበች ማረፋቸውን ተናገረ። የደረጀ እናት ናቸው። ዘጠና አልፏቸዋል፤ ተኝተው ሳይሰቃዩ፣ ልጃቸውን መርቀው ነው የሄዱት። ቀብር ስምንት ሰዓት ላይ ተባለ። ቀብር የሸኘ ሰው በሙሉ ተመልሶ ደረጀ ደጅ ነው የሚቀመጠው። የደረጀ ቤት ደግሞ የስፌት መኪናው ከገባ አልጋው የሚወጣበት ቤት ነው። የነሐሴ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አያፈርስም። ድንኳን የግድ ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ የሰፈሩ ጎረምሶች ድንኳኑን ሊሸከሙ ዕቃ ቤቱ ደጅ ተሰልፈዋል። ቲቸር መኮንን ደንቡን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። እኔ ቁልፌን ይዤ ደረስኩ። ሁለቱ የሉም።

ጋሽ ታደሰ ለፍልሰታ ሱባኤ ደብረ ሊባኖስ ገብተዋል። ስልካቸውን ለባለቤታቸው ትተው ነው የሄዱት። ለባለቤታቸው ደወልን።

«ቁልፉንም ትተውት ይሆን?» አሉ ቲቸር።

«እሱንስ አይለየውም» አሉ ሴትዮዋ። «ከመስቀሉ ጋር አንገቱ ላይ ነው ያሰረው።»

እትዬ ስንዱ ደግሞ ልጃቸው ወልዳ፣ ለፋፊው ከመምጣቱ በፊት ተነሥተው አራስ ሊጠይቁ ሳንሱሲ ሄደዋል። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። አራስ ቤት የገባ ስልክ የሚነሣው ሕፃኑ ሲተኛ ነው፤ ሕፃኑ የሚተኛው ደግሞ ሰው መደወል ሲያቆም ነው።

«እንስበረው» አለ ከጎረምሶቹ አንዱ።

ቲቸር ላስቲኩን ፈቱ። «ደንቡ ላይ የእድሩን ንብረት መስበር በንብረት ኮሚቴ ውሳኔ ብቻ ነው ይላል።»

«ኮሚቴውን ታዲያ እንጠይቅ።»

«ኮሚቴው ከሦስት አንድ ነው ያለው። ምልዓተ ጉባኤ የለም።» ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ኪሴ ውስጥ ያለችው ቁልፍ የሰው እጅ ያህል ትከብደኛለች።

ሌላ እድር ድንኳን እንዲያውሰን ተጠየቀ፤ የእነሱም ለቅሶ ላይ ተተክሏል። በያጁ ብረት መቁረጫውን ይዞ እንዲመጣ ተላከበት፤ መብራት ጠፍቷል። በመጋዝ ይቆረጥ የሚል ሐሳብም ተነሣ። ያንን ጓጉንቸር መጋዝ አይደለም፣ የተናደደ ሰው ጥርስ ይበጥሰዋል። በሁለት ደቂቃ ብጥስ ሲል ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ሊያይ ነው። በቁልፌ ብከፍተው ሌባ፣ በመጋዝ ቢቆረጥ አጭበርባሪ። ዝም ብል ደግሞ የእማማ ተዋበች ለቀስተኛ ዝናብ ላይ ሊቆም ነው።

አየር ፍለጋ መንገዱን ተሻግሬ ሐጂ ሙዘሚል ሱቅ ገባሁ። ሐጂ ላስቲክና ባልዲ ይሸጣሉ፤ እኔ ሳልኖር ሱቄን በዓይናቸው የሚጠብቁልኝ ሰው ናቸው። ፊቴን አይተው በርጩማ አቀረቡልኝ።

«ምን ሆንክ? የሞቱት እኮ እማማ ተዋበች ናቸው፤ የታመምከው አንተ ትመስላለህ።»

«ሐጂ፣ አንድ ሰው ሳያስበው የዋሸውን ውሸት እንዴት ይመልሰዋል?»

«ልክ እንደተሸጠ ዕቃ ነው» አሉኝ። «ቶሎ ከመለስከው ደረሰኝ አይጠየቅም። ከቆየ ግን ያው መጨቃጨቅ ነው።» ከዚያ በትከሻዬ በኩል ወደ ማዶ አዩ። «ሂድ እስቲ፤ እያጨበጨቡ ነው።»

ሮጥኩ። አልደረስኩም። የሰባሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ጓጉንቸር አዋቂ ነው ተብሎ ሰብሳቢው እኔ ሆኛለሁ። በዚህ ሰፈር ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ቢያንስ ተወካይ ትቶ መሄድ አለበት።

አምስት ሰዓት ገደማ ደረጀ መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ፊቱ የሌላ ሰው ሆኗል። በሩን አየ፣ ጓጉንቸሮቹን አየ፣ ሰውን አየ።

«እስካሁን አልተከፈተም?»

ቲቸር ስለ ምልዓተ ጉባኤ ሊያስረዱት ጀመሩና አፈሩ መሰለኝ ተዉት።

ደረጀ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በቀስታ ተናገረኝ። «እናቴ የሰው ድንኳን በተተከለ ቁጥር መጀመሪያ የምትደርሰው እሷ ነበረች። አንተም አባትህን ስትቀብር ወንበሩን ስትደረድር አይተሃታል። ዛሬ ሊቀብሯት የመጣውን ሰው ዝናብ ላይ ላቁመው?» እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «አንተ አለህ። ያንተ ነገር አያሳስበኝም።» ብሎ ወደ እናቱ ተመለሰ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማስበው ስሜን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የአባቴ ለቅሶ ቀን እማማ ተዋበች ወንበር በብብታቸው ይዘው ሲያልፉ ታየኝ፤ ስሜ የጓጉንቸር ዋጋ እንኳ አላወጣ አለኝ። ይከፈታል አልኩ። ብቻ ሰው ሳያየኝ ቢከፈት አልጠላም ነበር።

ነጋዴ ከሆንክ ደንበኛ እንዴት እንደሚሸኝ ታውቃለህ። ጎረምሶቹን «የደረጀን ደጅ ውኃ ጥረጉ፤ ድንኳኑ ሲመጣ ጭቃ ላይ እንዳይውል» ብዬ ላክኋቸው። ቲቸር መኮንን ቀሩ። እሳቸውን በጭቃ አይሸኟቸውም።

«ቲቸር» አልኳቸው፤ «እኔ ያለ ቃለ ጉባኤ አልሰብርም። ነገ ማን ፈቀደልህ ብባልስ?»

ዓይናቸው በራ። በዚያን ቀን ሥርዓት ያስታወሰ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። «ልክ ነህ» አሉ። «ማኅተሙ ቤት ነው። ጽፌ፣ አትሜ መጣሁ።» ሲሄዱ እርምጃቸው የወጣት ነበር።

ብቻዬን ቀረሁ። የራሴን ጓጉንቸር ከፈትኩ። የእትዬ ስንዱን በዚያችው ቁልፍ ሞከርኩ፤ ትንሽ አንገራግሮ ተከፈተ። የጋሽ ታደሰ ግን ገና ስነካው ነው ጠብ ያለው። ዘይት ተቀብቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቂት ጊዜ ብቻ የተከፈተ ጓጉንቸር ለምን ዘይት ይቀባል ብዬ ልጠይቅ ስል በሩ ተከፈተና አስነጠሰኝ።

እንደገና አስነጠሰኝ። ሦስተኛ ጊዜ አስነጥሶኝ ዓይኔን ስጠርግ፣ ከድንኳኑ ጀርባ፣ በአንሶላ የተሸፈነ ሁለት ጆንያ ዛላ በርበሬ ቆሟል። በሌላው ጥግ ደግሞ ከእድሩ ወንበሮች ሦስቱ ተገጣጥመው፣ ላያቸው ላይ የከባድ መኪና ወንበር ትራስ ተነጥፎባቸው፣ አጠገባቸው ትንሽ ሬዲዮና አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ። ሦስታችን አንድ ላይ ስንከፍት ይህ ሁሉ ኖሮ አያውቅም። ጫማው የማን እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጋሽ ታደሰ ናቸው እንዲህ በአንድ ጎን የሚጨርሱት።

እንደቆምኩ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

እትዬ ስንዱ ናቸው። መልእክት ደርሷቸው ከሳንሱሲ በታክሲ በርረው መጥተዋል፤ ቁልፋቸውን በእጃቸው ጨብጠዋል፤ ያለከልካሉ። ሦስቱን የተከፈቱ ጓጉንቸሮች አዩ። እጄ ላይ ያለችውን አንዲት ቁልፍ አዩ።

«በአንድ ቁልፍ ነው ሦስቱን የከፈትከው?»

«እትዬ፣ ላስረዳዎት።»

«አስረዳኛ። ለዚህ ነው እንግዲህ ሲያጨበጭቡልህ ያጨበጨብከው?»

«እትዬ፣ መጀመሪያ ያ በርበሬ የማን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ወደ ጆንያው አላዩም፤ ያላዩት ግን የት እንዳለ ስለሚያውቁ ነው።

«የእድሩ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ።

«እድሩ ከመቼ ጀምሮ ነው በርበሬ የያዘው?»

«ምነው፣ ለቅሶ ላይ ወጥ አይሠራም?»

«በፍልሰታ ሁለት ጆንያ?»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ፤ ሲያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው። «ቤቴ በክረምት ያንጠባጥባል፤ በርበሬ ሻጋታ አይወድም» አሉ። «አንድ ቀን የራሴን ልከፍት ብዬ ተሳስቼ ያንተን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ነው ያዘጋጀልኝ አልኩ።» በጨለማ ገብተው በጨለማ ስለሚወጡ ልብ ያላሉትን ጥግ አይተው ነጠላ ጫማውን ለዩት። «ውይ ታዴ። እሱም?»

«እሳቸውም። ዘይት ሁሉ ቀብተውታል።»

ሁለታችንም ተያየን። ከደረቴ ላይ የሆነ ድንጋይ ሲወርድ ተሰማኝ፤ እንዲህ የሚያቃልል ነገር ከዚህ ቀደም አላየሁም። ሰው ኃጢአቱ ሲሰረይለት ደስ ይለዋል ይባላል፤ ሌላ ሰውም እንደሠራው ሲያውቅ ግን ከዚያ በላይ ደስ ሳይለው አይቀርም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስታችንም በየግላችን መክፈት እንችል ነበር፤ አንዲት ማንኪያ ግን አልጠፋችም። ያንን በር የዘጋው ጓጉንቸር ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

ቲቸር መኮንን ያኔ ደረሱ። ቃለ ጉባኤው በእጃቸው፣ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። በሩን ተከፍቶ አዩት፤ ጓጉንቸሮቹን አንድ በአንድ አነሡ፤ ያልተሰበሩ ናቸው።

«በምን ተከፈተ?»

«በቁልፍ» አልኩ።

«በማን ቁልፍ?»

እትዬ ስንዱ ከእኔ ቀደሙ። «በኮሚቴው ቁልፍ» አሉ።

ቲቸር ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጥያቄው ግን መያዣ አጣ። ያቺ ቃል እንዲህ ናት፤ ከሷ ኋላ ሰው ቢደበቅ ለሁሉም ይበቃል። በዚያ ላይ ጎረምሶቹ ተመለሱና ድንኳኑን ተሸክመው ሮጡ፤ ወንበሩን ተቀባበልን። የጋሽ ታደሰን ትራስ እትዬ ስንዱ ጆንያው ላይ ጣሉትና በአንሶላው ሸፈኑት።

ድንኳኑ ተተክሎ የመጨረሻው ገመድ ሲታሰር ደመናው ጠቁሮ ነበር። ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ዝናቡ ከኋላው እየተከተለ ነው የመጣው፤ የመጨረሻዎቹ እግራቸውን ሲያስገቡ ወረደ። ድንኳኑ ላይ ሲደበደብ ማንም ማንንም አይሰማም ነበር። ደረጀ ከማዶ አየኝና አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። እኔም ዝቅ አደረግኩ። ከዚያ ወጥቼ፣ ሰው ፊቴን ቢያይ የዝናብ ውኃ ነው በሚልበት ቦታ ቆምኩ።

ከሰልስቱ በኋላ ሦስት ጥሩ ጓጉንቸር ይዤ ቲቸር መኮንን ቤት ሄድኩ። እጅ የሚከብዱ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁልፍ ያላቸው ናቸው፤ አንዱ የሌላውን እንደማይከፍት እዚያው ፊታቸው ሞከርኩ። ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ሰኞዋ፣ በዚያን ቀን በአንድ ቁልፍ ሦስቱን ስለመክፈቴ፣ የራሴን ሁሉ ነገርኳቸው። የሌሎቹን አልነገርኳቸውም፤ ያ የእኔ ዕቃ አይደለም።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ጉባኤ ላይ ልናገረው?» አልኳቸው።

«ተወው» አሉኝ። «ብትናገር አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። በዚያች ሰዓት ደግሞ ስልክህ ይጮሃል፣ ትወጣለህ።»

አዲሶቹ ጓጉንቸሮች ተንጠለጠሉ። የእትዬ ስንዱን ቁልፍ ሰጠኋቸው፤ የጋሽ ታደሰን ለባለቤታቸው ተውኩ። ፍልሰታ ተፈትቶ ጋሽ ታደሰ ከሱባኤ በተመለሱ ማግስት ሱቄ መጡ። ባንኮኒውን ተደግፈው ምስማር ቆጠሩ።

«ቁልፉ አስቸገረኝ» አሉ።

«የሰጠሁዎት አዲሱ ቁልፍ ጓጉንቸርዎን አልከፍት አለ?»

«የኔንስ ከፈተ።»

«ታዲያ?»

ምስማሩን አስቀመጡት። «ሁለተኛውን ነው እንቢ ያለኝ።»

ደንበኛ ገባ፤ ሚዛን ላይ ምስማር አድርጌለት እስኪወጣ ሁለታችንም ስለ ዝናቡ አወራን። ሲወጣ «ሦስተኛውንስ?» አልኳቸው።

«ወደዚያ መች ደረስኩ» አሉ። «ሬዲዮዬ እዚያ ውስጥ ነው።»

በርበሬውም እዚያው ነው። እንግዲህ ምን ይደረግ? ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችን ሦስት ቁልፍ ይዘን እንሄዳለን። እትዬ ስንዱ ለሳምንቱ የሚሸጡትን ይለያሉ፤ ጋሽ ታደሰ ትራሳቸው ላይ ጋደም ብለው ሬዲዮ ይሰማሉ፤ እኔ የድንኳኑን ቀዳዳ እጠቅማለሁ፤ ወንበር የላላ ካለ ምስማር እመታለሁ። የእድሩ ዕቃ እንዲህ ተይዞ አያውቅም። ሲመሽ ሦስቱንም ዘግተን እንለያያለን።

ጋሽ ታደሰ ሁለት ዓመት ሙሉ ለባለቤታቸው «ኮሚቴ ስብሰባ አለብኝ» እያሉ ነበር ትራሳቸው ላይ ሲተኙ የኖሩት፤ ሴትዮዋም አምነው «ምነው በሰው ጉዳይ እንዲህ ደከምክ» እያሉ እግራቸውን ያጥቡላቸው ነበር። አሁን እውነት ሆኖ ሲነግሯቸው አላመኑም። ባለፈው ቅዳሜ ከኋላቸው ተከትለው መጡ። በሩን ገፋ አድርገው ሦስታችንን አዩ፤ አንዱ በመርፌ፣ አንዷ በበርበሬ፣ አንዱ በጀርባው።

«ይሄ ነው ስብሰባው?» አሉ።

«አዎ» አሉ እትዬ ስንዱ፣ ዛላ እየለቀሙ። «ግቢና በሩን ዝጊው፤ ብርድ ይገባል።»